ተሥላ ሳትታይ ስለ ቈየች ሥዕል

የፎቶግራፍ ጥበብ ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ሕዝባችን ለዚህ ሥራ የራሱን ቃል አውጥቶለታል፤ ይኸውም «ማጠብ» የሚለው ነው። የእኛ ሰው ፊልሙ በመድኃኒትና በውሃ ውስጥ ሲነከርና ሲለቀለቅ አይቶ «ፎቶግራፍ አሳጠብሁ» አለ። ቃሉ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን በአንድ በኩል ያሳስታል። ልብስ የሚያጥብ ሰው እድፉን ያስለቅቃል እንጂ በልብሱ ላይ ያልታየውን ጥለት አያወጣም። ፊልም የሚያጥብ ሰው ግን ከዐይን ሁሉ የተሰወረውን ሥዕል ወደ መታየት ያመጣዋል። ስለዚህ ያልታጠበ ፊልም ሲባል የቈሸሸ ፊልም ማለት አይደለም፤ ምስክርነቱን ተቀብሎ ገና ያልተናገረ ፊልም ማለት ነው።

ስለዚህ ነገር እንድጽፍ ያነሣሣኝ የአንድ ወዳጄ ታሪክ ነው። አባቱ በወጣትነታቸው በአሜሪካ አገር ተምረው ሲመለሱ ሱፐር 8 የሚባለውን ትንሽ የሲኒማ ካሜራ ይዘው መጥተው ነበርና፥ በ1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቤታቸው ግቢ ቤተ ሰባቸውን አነሡበት። ከጥቅሎቹ አንዱ ሳይታጠብ ቀረ። አባትየው በ1999 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወዳጄ ጥቅሉን ከወረቀቶቻቸው መካከል አገኘው፤ «አንድ ቀን አሳጥበዋለሁ» ብሎም ወደ ሣጥኑ መለሰው። ያ «አንድ ቀን» የተባለው 15 ዓመት ፈጀ። ከዚህ መዘግየት የተነሣ ምን እንደ ጠፋና ምን እንደ ተረፈ በመጨረሻ እናገራለሁ፤ አስቀድሞ ግን የነገሩን ሥርና ታሪክ ማስረዳት ይገባል።

ፊልም ማለት ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ጥብጣብ ነው። በላዩ ጄላቲን የሚባል፥ ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ ይቀባል። በሙጫውም ውስጥ ከዐይን እጅግ የረቀቁ የብር ጨው ቅንጣቶች ተበትነው ይኖራሉ። አባቶቻችን በፍየልና በበግ ቆዳ ላይ በቀለም ጻፉ፤ የፊልም ሠሪዎችም ከቆዳ በወጣ ሙጫ ላይ ብርሃን እንዲጽፍ አደረጉ። ብርሃን ከነዚህ ቅንጣቶች አንዱን በነካ ጊዜ ጥቂት የብር ነቍጥ በውስጡ ይፈጠራል። ይህች ነቍጥ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነች ፊልሙን በብርሃን አውጥቶ የሚመረምር ሰው አንዳች አያይም፤ እንዲያውም ልመርምር ሲል ያጠፋዋል። ፊልሙ በጨለማ ክፍል ውስጥ ወደ መድኃኒቱ በገባ ጊዜ ግን፥ መድኃኒቱ ብርሃን የነካውን ቅንጣት ካልነካው ለይቶ የተነካውን ሁሉ ወደ ጥቍር ብር ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ ሌላ መድኃኒት ያልተነካውን ጨው አሟሙቶ ያስወግደዋል፤ ውሃም ያጥበዋል። ሥዕሉ በመድኃኒቱ አልተፈጠረም፤ ብርሃን በነካው ቅጽበት ተሥሎ ነበር። ፈረንጆችም ይህን ሳይታጠብ በፊልሙ ውስጥ ያለውን ሥዕል «ስውር ሥዕል» ይሉታል።

ይህ ምሥጢር ከመታወቁ በፊት የፎቶግራፍ ጀማሪዎች ሥዕሉ በብርሃኑ ብቻ ጠቍሮ እስኪታይ ድረስ ወረቀቱን በካሜራ ውስጥ ለረዥም ጊዜ ያኖሩት ነበር። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1839 ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር በመዳብ ሰሌዳ በተለበጠ ብር ላይ የተሰወረውን ሥዕል በባዜቃ እንፋሎት እንደሚያወጣ ታወቀ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦትም በ1840 መስከረም ወር፥ ባዶ የሚመስለውን ወረቀት በመድኃኒት ሲቀባው ሥዕሉ ቀስ በቀስ ወጥቶ ሲታይ አየ። ያልተነካውን የብር ጨው የሚያሟሟውን መድኃኒት ጠባይ ደግሞ ሰር ጆን ሄርሽል ከዚያ 20 ዓመት ያህል ቀድሞ አግኝቶት ነበርና፥ ሥዕሉ በብርሃን ፊት ጸንቶ ይኖር ዘንድ የቻለው በእርሱ ዕውቀት ነው።

የነዚህ ሰዎች ሥራ ጥቅሙ ፎቶግራፍ በቶሎ እንዲነሣ ማድረጉ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። እኔ ግን ከዚህ ይልቅ ሌላውን ውጤት አስተውላለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንሣትና ማየት ተለያዩ። በሁለቱ መካከል ክፍት ቦታ ገባ፤ ያም ቦታ አንድ ሰዓት ሊሆን ይችላል፥ አንድ ዓመትም፥ የአንድ ሰው ዕድሜም ሊሆን ይችላል።

የንግድ ሥራ ደግሞ ይህን ክፍት ቦታ አሰፋው። አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን በአውሮጳ 1888 ኮዳክ ብሎ የሸጠው ካሜራ 100 ሥዕል የሚያነሣ ፊልም በውስጡ ነበረው፤ ገዢውም አንሥቶ ሲጨርስ ካሜራውን ከነፊልሙ ወደ ፋብሪካው ይልከው ነበር። ስለዚህ ባለቤቱ አንሺ ብቻ ሆነ፤ ማጠቡ የሌላ ሰው ሥራ ሆነ። ሲኒማ ወደ ቤት በገባ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። የቀድሞው የሲኒማ ፊልም ናይትሬት ከሚባል በቶሎ ከሚቀጣጠል ነገር የተሠራ ስለ ነበረ ለቤት አይመችም ነበር። በ1923 ኮዳክ እንደዚያ የማይቀጣጠል፥ ወርዱ 16 ሚሊሜትር የሆነ ፊልም አወጣ፤ በ1932 የ8 ሚሊሜትሩ፥ በ1965ም ሱፐር 8 ተከተለ። አባት ልጁን ሲያጠምቅ፥ እናት ልጇን ስትድር፥ ሽማግሌው በግቢው ሲቀመጥ ማንሣት ለቤተ ሰብ ሰው ሁሉ ተቻለ።

የአንዱ የሱፐር 8 ጥቅል ርዝመት 50 ጫማ ነው። በዚህ ጥብጣብ ላይ 3,600 ትንንሽ ሥዕሎች ይሰለፋሉ፤ በሰከንድ 18 ሥዕል ሲታይ ሁሉ በ3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያልቃል። ለአንድ ቤተ ሰብ ግን ይህች ጊዜ ጥቂት አይደለችም። ብዙ ጥቅልም ሳይታጠብ የቀረው በቸልታ ብቻ አይደለም። አንዱ ግማሹን አንሥቶ የቀረውን ለሌላ በዓል ሲያቈይ ካሜራው ተበላሸ፤ አንዱ ዋጋው ከብዶት አዘገየ፤ አንዱ ከአገር ወጣ፤ አንዱ ሞተ። ጥቅሉም አንሺውን በሕይወት በልጦ ኖረ።

ያልታጠበ ፊልም ምን ያህል ጊዜ ሊታገሥ እንደሚችል የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ሐምሌ 5 ቀን 1889 ዓ.ም. (በአውሮጳ 1897) የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ዕለት፥ በአድዋ ድል ከተደረገ ከአንድ ዓመት ከአራት ወር ያህል በኋላ መሆኑ ነው፥ ሦስት የስዊድን ሰዎች በስቫልባርድ ደሴቶች ካሉት ከአንዲቱ ተነሥተው «ንስር» በሚባል ባሎን ወደ ሰሜን ዋልታ በረሩ። አለቃቸው ሰሎሞን አውጉስት አንድሬ፥ ጓደኞቹም ኒልስ ስትሪንድበርግና ክኑት ፍሬንከል ነበሩ። ፎቶግራፍ አንሺው ስትሪንድበርግ ነበረ፤ ዕድሜውም 24 ዓመት ነበረ፤ አና ሻርልዬ የምትባል እጮኛም ነበረችው። ባሎኑ ከሦስት ቀን በኋላ ሐምሌ 8 ቀን በበረዶ ላይ ወረደ። ሦስቱ ሰዎች ዕቃቸውን እየጐተቱ በሚንቀሳቀሰው በረዶ ላይ ከሁለት ወር በላይ ከተንገላቱ በኋላ፥ በመስከረም መጨረሻ ገደማ ክቪቶያ ወደምትባለው ነጭ ደሴት ደረሱ። ከዚያም አልወጡም። አስቀድሞ ስትሪንድበርግ ሞተ፤ ሁለቱም በዓለት ስንጥቅ ውስጥ በድንጋይ ሸፍነው ቀበሩት፤ ኋላ እነርሱም በዚያው ሞቱ።

በአገራቸው ያሉ ሰዎች ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የሆነውን ሳያውቁ ቈዩ። አና ሻርልዬም ብዙ ዓመት ከጠበቀች በኋላ ሌላ ሰው አገባች። ሐምሌ 30 ቀን 1922 ዓ.ም. (በአውሮጳ 1930) በጉናር ሆርን የሚመራ፥ ብራትቮግ በሚባል መርከብ የተጓዘ የኖርዌይ የምርምር ቡድን በደሴቲቱ ላይ የጠፉትን ሰዎች ሰፈር አገኘ። ከአጥንታቸውና ከዕለት መዝገባቸው ጋራ ብርሃን ያዩ ነገር ግን ያልታጠቡ ፊልሞች በዚያ ተገኙ። በበረዶና በርጥበት ውስጥ 33 ዓመት ኖረው ነበር።

እነዚህ ፊልሞች ወደ ስቶክሆልም ከተማ ሄደው፥ የንጉሣዊው የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ለነበረው ለጆን ሄርትዝበርግ ተሰጡ። ሰውዬው ቢቸኩል ኖሮ ሁሉ በአንድ ሌሊት በጠፋ ነበር፤ ሙጫው ረስርሶና ተበላሽቶ ነበርና። እርሱ ግን በጥንቃቄና በትዕግሥት ሠርቶ 93 ያህሉን ሥዕል አዳነ። ከነዚያ መካከል እጅግ የታወቀው፥ ባሎኑ በበረዶው ላይ ተጋድሞ ሁለት ሰዎች በፊቱ ቆመው ሲመለከቱት የሚያሳየው ነው። አንሥቶት የነበረው ስትሪንድበርግ ሥዕሉን ከቶ አላየውም፤ ሁለቱ ሰዎችም አላዩትም። የዕለት መዝገባቸው የደረሰባቸውን በቃል ነገረ፤ ፊልሙ ግን አቋቋማቸውን አሳየ። ከመዝገቡ የምንማረው ብዙ ቢሆንም፥ ተስፋ ያደረጉበት መርከብ በእግራቸው ሥር ወድቆ እያዩ ሰዎቹ እንዴት እንደ ቆሙ ግን የምናውቀው ከዚህ ሥዕል ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ቅዝቃዜ ፊልምን እንደሚጠብቅ ነው፤ ሙቀትና ርጥበት ስውሩን ሥዕል ያደበዝዛሉና። በምድርና በሰማይ ዘወትር ያለው የተፈጥሮ ጨረርም በዘመን ብዛት በፊልሙ ላይ እንደ ጭጋግ ያለ ጥላ ያለብሳል። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይበልጣል። ሄርትዝበርግ በ1930 የያዘው ጥበብ ስትሪንድበርግ በ1897 ከሚያውቀው በመሠረቱ ልዩ አልነበረም። ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚታጠብበት ሥርዓት አልሞተም ነበርና፥ ፊልሙ ጠብቆ ቢደርስ የሚያናግረውን ሰው አገኘ። ፊልሙ ደርሶ የሚያናግረው ሰው ባይገኝስ? ይህ በእኛ ዘመን የሆነ ነገር ነው።

በአውሮጳ 1935 ኮዳክ ኮዳክሮም የተባለውን ባለቀለም የሲኒማ ፊልም አወጣ። የፈለሰፉትም ሊዮፖልድ ማንስና ሊዮፖልድ ጎዶውስኪ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም በሙያቸው ሙዚቀኞች ነበሩ። የኮዳክሮም ልዩነቱ ይህ ነው፤ በሌሎች ባለቀለም ፊልሞች ቀለሙን የሚያስገኘው ነገር በፊልሙ ውስጥ አስቀድሞ ይቀመጣል፤ በኮዳክሮም ግን ፊልሙ ሦስት ንብር የብር ጨው ብቻ ነው፥ ቀለሙ የሚገባው በሚታጠብበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የማጠቡ ሥራ እጅግ የረቀቀ፥ መድኃኒቱም ብዙ፥ ሥርዓቱም ጥብቅ ነበረ። በሥርዓቱ የታጠበ ኮዳክሮም ግን በጨለማ ቢቀመጥ ቀለሙ ለብዙ ዘመን የሚጸና ስለ ሆነ በዓለም ሁሉ ተወደደ።

ኮዳክ ይህን ፊልም መሥራት ማቆሙን በ2009 አስታወቀ። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ኮዳክሮም የሚያጥብ አንድ ቤት ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እርሱም በአሜሪካ በካንሳስ ክፍል ፓርሰንስ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘው የድዌን የፎቶግራፍ ቤት ነው። ቤቱ የመጨረሻውን ጥቅል የሚቀበልበት ቀን ታኅሣሥ 21 ቀን 2003 ዓ.ም. (በአውሮጳ ታኅሣሥ 30 ቀን 2010) እንዲሆን ቀጠሮ ሰጠ። ቀኑ ሲቀርብ ከየአገሩ ጥቅል ጐረፈ፤ የደረሰው ሁሉ ታጥቦ ካለቀ በኋላ መኪናው ቆመ። ከዚያ ወዲህ የሚገኝ ያልታጠበ ኮዳክሮም በጥቁርና በነጭ ሊታጠብ ይችላል፤ የብሩ ሥዕል በውስጡ አለና። ቀለሙን የሚመልስለት የአገልግሎት ቤት ግን የለም።

እንግዲህ የጥበብ ሞት ከዕቃው ሞት እንደሚቀድም አስተውሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የዜማ ምልክት የተጻፈበት ብራና አምስት መቶ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ምልክቱን አይቶ እንደ አባቶቹ የሚያዜም መምህር ግን ተማሪ ሳያፈራ ቢያልፍ፥ ብራናው ሳይጐድል ዜማው ይጐድላል። ዕቃው ሣጥን ውስጥ መኖሩ ብቻ ልባችንን ሊያሳርፈው አይገባም። «አለ» የምንለው ነገር የሚከፍተው ሰው እስካለ ድረስ ብቻ ነው ያለው።

በቤቱ እንዲህ ያለ ጥቅል ያለው ሰው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ በብርሃን ፊት አይክፈተው፤ ጥብጣቡንም ለማየት ብሎ አይሳበው። በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን የፊልሙን ስምና ቍጥር ይገልብጥ፤ የሚታጠብበት ሥርዓት በዚያ ይታወቃልና። እስኪልከው ድረስ በደንብ በተዘጋ ዕቃ አድርጎ በቀዝቃዛና በደረቅ ስፍራ ያኑረው፤ ከማቀዝቀዣ ሲያወጣውም ወዛም እንዳይሆን ሙቀቱ እስኪመለስ ሳይከፍት ይቈየው። በአውሮፕላን የሚልከው እንደ ሆነ፥ የአየር ጣቢያው የጨረር መመርመሪያ ያልታጠበ ፊልምን እንደሚጐዳ ዐውቆ፥ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ሳያገባ በእጁ ይዞ በእጅ እንዲመረመርለት ይለምን። አጣቢውንም ሲመርጥ አሮጌ ፊልም ማጠብ የለመደውን ይፈልግ፤ እንዲህ ያለው ሰው አስቀድሞ ከጫፉ ጥቂት ቈርጦ ይሞክራል እንጂ ሁሉን በአንድ ጊዜ አይነክርም።

ከታጠበ በኋላ ሌላ ሥራ አለ። የቀድሞው ማሳያ መኪና ዛሬ ከጥቂት ሰው ቤት በቀር አይገኝም፤ ቢገኝም አሮጌውን ጥብጣብ ሊቀድደው ይችላል። ስለዚህ ፊልሙ ተጠርጎ፥ ስካነር በሚባል መሣሪያ ሥዕሉ አንድ በአንድ ተነሥቶ ወደ ዲጂታል ይገለበጣል፤ 3,600ውም ሥዕል እንደ ቅደም ተከተሉ በኮምፒዩተር ይሰበሰባል። ቅጂው ቢያንስ በሁለት ልዩ ልዩ ስፍራ መቀመጥ አለበት። የታጠበውም ፊልም አይጣል፤ ፊልሙን ዐይን በብርሃን ሊያነበው ይችላል፥ ዲጂታሉ ግን መሣሪያ ከሌለ ድዳ ነው።

ይህ ሥራ ለእኛም ሊቃውንት የታወቀ ነው። በ1965 ዓ.ም. ገደማ (በአውሮጳ 1973) የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ፥ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉትን ከስምንት ሺሕ የሚበልጡ መጻሕፍት በፊልም አንሥቶ፥ በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ በኮሌጅቪል እንዲቀመጡ አድርጓል። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም በዚያ ተቀምጠው ለብዙዎቹ ዝርዝር መግለጫ ጽፈዋል። ያ ፊልም በወቅቱ ታጠበ፤ በወቅቱም ተመዘገበ፤ አሁንም ወደ ዲጂታል እየተገለበጠ በየአገሩ ያለ ተማሪ ያነበዋል። የትልቁ ሥራ ምሳሌ ለትንሹ ቤት ይበቃል፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ በጊዜው የተደረገ ጥቂት ሥራ በኋላ ከሚደረግ ብዙ ድካም ይበልጣል።

አሁን ወደ ወዳጄ ታሪክ እመለሳለሁ። ጥቅሉ ኮዳክሮም ነበረ። በ1999 ዓ.ም. ባገኘው ጊዜ ኮዳክሮም በቀለም የሚታጠብበት የአራት ዓመት ያህል ዕድሜ ቀርቶ ነበር፤ እርሱ ግን አላወቀም። በ2014 ዓ.ም. ዘመድ ይዞለት ወደ ውጭ አገር ሄዶ በጥቁርና በነጭ ታጠበ። ከሦስቱ ደቂቃ አንዱ የሚያህለው በጭጋግ ተሸፍኖ ጠፍቷል። በቀረው ውስጥ እናቱ ከቤት ደጃፍ ወጥተው፥ ወደ ካሜራው ሲያዩ ዐፍረው፥ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስባሉ። እናቱን በሕፃንነቱ ስላጣቸው ሲንቀሳቀሱ ያያቸው ያን ጊዜ ነው። ድምፅ የለውም፤ ቀለምም የለውም፤ የነጠላው ጥለት ግራጫ ሆኖ ይታያል።

ወዳጄ ይህን ለእናቱ እኅት ወስዶ አሳያቸው። አሮጊቷ ዝም ብለው ካዩ በኋላ፥ «ጥለቱ አረንጓዴ ነበር፤ የጥምቀት ነጠላዋ ነው፤ አብረን ነው የገዛነው» አሉት። በካንሳስ ያለው መኪና ከቆመ 11 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ቀለሙ ግን በአንዲት አሮጊት ልብ ውስጥ ሳይታጠብ ኖሮ ነበር። እርሳቸውም በሚከተለው ዓመት ዐረፉ።

አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ ያልታጠበ ፊልም ካለ ዛሬ ላከው። ፊልም ከሌለህም የምታውቃቸውን ሽማግሌዎች ሄደህ ጠይቅ፤ ወረቀትና ቀለምም ይዘህ ሂድ።